መልእክቱ የት ቀረ? ባዶ ሎግ ላስቸገራቸው የሰርቨር ኃላፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። እዚያ ላይ የሚሠራው የክፍያ ፕሮግራማችን መልእክቶቹን ሎካል3 በሚባለው ምድብ ወደ ሲስሎግ (የፕሮግራሞችን መልእክት ተቀብሎ ሎግ በሚባል መዝገብ ወደሚጽፈው አሠራር) ይልካል። ለብቻቸው እንዲጻፉ ብዬ በ/ቫር/ሎግ ሥር ‹ክፍያ› የሚል ፎልደር ከፈትኩ፤ በአርሲስሎግ (የሲስሎግን ሥራ በሚሠራው ፕሮግራም) ማዋቀሪያ ውስጥም አንድ መስመር ጨመርኩና፣ ያነበብኩት መመሪያ እንደሚለው ማዋቀሪያውን እንደገና እንዲያነብ ሃፕ የሚባለውን ሲግናል ላክሁ። ፋይሉ ግን እስካሁን የለም፤ መልእክቶቹም እንደ ድሮው ከሌላው ሁሉ ጋር ተደባልቀው ዋናው ሎግ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ የማሽኑን ሎግ በሙሉ ወደ ሌላ ማሽን መላክ እፈልጋለሁ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

ካደረጉት አብዛኛው ትክክል ነው። ሥራውን ያሰናከሉት ሦስት ነገሮች ይመስሉኛል። ሃፕ በአርሲስሎግ ላይ ማዋቀሪያውን እንደገና አያስነብብም። የከፈቱት ፎልደር የሩት (የማሽኑ ዋና ባለሥልጣን ተጠቃሚ) ስለሆነ አርሲስሎግ ሊጽፍበት አይችልም። መልእክቱም አንድ ደንብ ስላገኘው ብቻ ከሌሎቹ ደንቦች አያመልጥም። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢመጡ ቶሎ ይያዙ ነበር። ሲደራረቡ ግን ከባድ ነው፤ አንዱን ያስተካክላሉ፣ ለውጥ አያዩም፣ «ለካ ችግሩ ይህ አልነበረም» ብለው ያስተካከሉትን መልሰው ያፈርሱታል።

የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም በሙሉ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ነው፤ የ-ኤን1 ኤንና የ+ኤል1 ኤል ብቻ በትልቁ ይጻፋሉ።

ሲስሎግ ሲያስቸግረኝ ማዋቀሪያው ላይ ማፍጠጤን ትቼ አንድ መልእክት እመርጥና ከተነሣበት እስኪያርፍ እከተለዋለሁ። መንገዱ አጭር ነው። ፕሮግራሙ በሲ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን የሲስሎግ ፋንክሽን ይጠራል፤ ፋንክሽኑም መልእክቱን /ዴቭ/ሎግ ወደሚባል ሶኬት (የመልእክት መቀበያ በር) ይጥለዋል። ሶኬቱ ጋ ተቀባይ ተቀምጧል። በድሮዎቹ ዩኒክሶች ተቀባዩ ሲስሎግዲ ነበር። በእርስዎ ማሽን ላይ ግን መጀመሪያ የሚቀበለው የሲስተምዲው (የማሽኑ አገልግሎቶች አስተዳዳሪ) ጆርናልዲ ነው፤ እሱ በራሱ መዝገብ ካስቀመጠው በኋላ ለአርሲስሎግ ያቀብለዋል። አርሲስሎግም መልእክቱን ከደንቦቹ ጋር እያስተያየ፣ የተስማማው ደንብ እንደሚለው ወደ ፋይል፣ ወደ ሌላ ማሽን፣ አለዚያም ወደ አንድ ተጠቃሚ ተርሚናል ይልከዋል።

አሠራሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ ሲል ሠራው፤ ቀስ በቀስ ግን የሁሉም ፕሮግራም መገልገያ ሆነ። ከምድቦቹ መካከል ለኢሜይል፣ ለማተሚያ ማሽን፣ ዛሬ የሚጠቀምበት ሰው እምብዛም ለሌለው ዩዩሲፒ (በማሽኖች መካከል ፋይል ማስተላለፊያ) ጭምር ቦታ ተይዞ የቆየው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። ምድቦቹ ከ0 እስከ 23 ሲሆኑ ከ16 እስከ 23 ያሉት ሎካል0 እስከ ሎካል7 ተብለው ለእንደ እርስዎ ላለው የተተዉ ናቸው። ሎካል3ን መምረጥዎ ጥሩ ነው። ሎካል0ን ፖስትግሬስኪውኤል ሲስሎግ ሲጠቀም እንደ መነሻ ይወስደዋል፣ ሎካል4ን የኦፕንኤልዳፕ ሰርቨር ይጽፍበታል፣ ሎካል7ን ደግሞ የሲስኮ ራውተሮች ሳይነኩ ከተተዉ ይልኩበታል። ኋላ ሁሉም አንድ ማዕከል ላይ ሲገናኙ ግጭት የሚፈጠረው በእነዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ መልእክት ከምድቡ ሌላ ክብደትም ይዞ ይመጣል። ክብደቶቹ 8 ናቸው፦ 0 ኢመርጅ፣ 1 አለርት፣ 2 ክሪት፣ 3 ኧር፣ 4 ዋርኒንግ፣ 5 ኖቲስ፣ 6 ኢንፎ፣ 7 ዲበግ። ቁጥሩ ሲያንስ ነገሩ ይከብዳል። ላኪው ምድቡን በ8 አባዝቶ ክብደቱን ይጨምርና ድምሩን ከመልእክቱ ፊት በማዕዘን ቅንፍ ያስቀምጠዋል። የእርስዎ ሎካል3 ቁጥሩ 19 ነው፤ 19 ጊዜ 8 ደግሞ 152። ስለዚህ የፕሮግራምዎ ኢንፎ መልእክት <158> ብሎ ይጀምራል፣ ስሕተቱ <155>፣ ዲበጉ <159>። ይህን ማወቅ ትርፍ እውቀት እንዳይመስልዎ። ነገ ወደ ሌላ ማሽን ሲልኩ በቲሲፒደምፕ ኔትወርኩን ቢያዩ የሚታይዎት ይኸው ቁጥር ነው። በ8 ሲያካፍሉት ድርሻው ምድቡን፣ ቀሪው ክብደቱን ይነግርዎታል። ፕሮግራመሩ «በሎካል3 ነው የምልከው» እያለ በመስመሩ ላይ <14> ካዩ፣ 14 ማለት ምድብ 1 ክብደት 6፣ ማለትም ዩዘር ኢንፎ ስለሆነ ጉድለቱ ከፕሮግራሙ መሆኑን ያለ ክርክር ያውቁታል።

አሁን ወደ ፍተሻው። የክፍያ ፕሮግራሙን ለጊዜው ይርሱትና ራስዎ አንድ መልእክት ይላኩ፦

ሎገር -ፒ ሎካል3.ኢንፎ -ቲ ሙከራ "መንገድ ፍተሻ 1"

ቀጥለው ጆርናሉን ይጠይቁት፦

ጆርናልሲቲኤል -ቲ ሙከራ

መልእክቱ እዚህ ከታየ ሶኬቱም ጆርናልዲም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲህ፣ ከአርሲስሎግ በኩል ነው ማለት ነው። የእርስዎ መልእክቶች ዋናው ሎግ ውስጥ እየገቡ ስለሆነ እንደሚታይ እርግጠኛ ነኝ። ሆኖም ይህን ፍተሻ አይዝለሉት፤ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር ቁጥሩን 2፣ 3፣ 4 እያሉ ይላኩ። የትኛው መልእክት ከየትኛው ለውጥ በኋላ እንደተላከ ያን ጊዜ አይምታታብዎትም።

የሎገር መልእክት ደርሶ የፕሮግራሙ ካልደረሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በኮንቴይነር ወይም በክሩት ውስጥ (ከዋናው ማሽን ፋይሎች በተከለለ ቦታ) የሚሠራ ከሆነ /ዴቭ/ሎግ የሚባለው ሶኬት እዚያ ውስጥ የለም። የሲስሎግ ፋንክሽን ደግሞ አልተሳካልኝም ብሎ ለጠሪው አይመልስም፤ ፕሮግራሙ እንደጻፈ እየቆጠረ መልእክቱ ይጠፋል። ለክሩት መፍትሔው አርሲስሎግ እዚያ ውስጥ ተጨማሪ ሶኬት እንዲከፍት ማዘዝ ነው።

ሃፕን በተመለከተ ያነበቡት መመሪያ ሐሰት አይደለም፤ የተጻፈው ለሌላ ፕሮግራም ነው። የበርክሊ ዝርያ የሆነው ሲስሎግዲና የድሮው የሊኑክስ ሲስክሎግዲ ሃፕ ሲደርሳቸው ማዋቀሪያውን እንደ አዲስ ያነባሉ። ሬይነር ጌርሃርድስ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው አርሲስሎግ ግን ዛሬ ሃፕ ሲደርሰው የሚያደርገው የያዛቸውን ፋይሎች ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። ማዋቀሪያውን አይነካም። ስለዚህ የጨመሩት መስመር እስካሁን በማንም አልተነበበም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

አርሲስሎግዲ -ኤን1
ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አርሲስሎግ

የመጀመሪያው ማዋቀሪያውን አንብቦ ስሕተት ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርዎታል እንጂ የሚሠራውን አገልግሎት አይነካም። እሱ ያለ ስሕተት ሳያልፍ ሁለተኛውን እንዳያስኬዱ አደራ እላለሁ። አርሲስሎግ የተበላሸ መስመር ሲያገኝ እሱን ዘልሎ ባለው ለመቀጠል ይሞክራል፤ አገልግሎቱ «እየሠራ ነው» ተብሎ ይታያል፣ የእርስዎ ደንብ ግን ውስጡ የለም።

ስለ መስመሩ አጻጻፍ ካነሣን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በአንድ የቆየ የሶላሪስ ማሽን ላይ አንዲት መስመር ጨምሬ ሌሊቱን ሙሉ አልሠራ ብላኝ አድሬያለሁ። ደንቡን አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ሊነጋጋ ሲል ካት -ቬት በሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ሳሳየው የሌሎቹ መስመሮች መሐል ላይ የታብ ምልክት ወጣ፣ የእኔው መሐል ላይ ግን ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። መስመሩን የገለበጥኩት ከሌላ ጽሑፍ ነበርና ታቡ በክፍት ቦታ ተተክቶ መጥቷል። የድሮዎቹ ሲስሎግዲዎች በመራጩ (ምድቡንና ክብደቱን በሚለየው ክፍል) እና በፋይሉ ስም መካከል ታብ ካላገኙ መስመሩን አይቀበሉም፤ የሚጽፉበትን ፋይልም ራሳቸው ስለማይፈጥሩ አስቀድሞ ተች በሚባለው ትእዛዝ መፍጠር ያስፈልጋል። አርሲስሎግ ሁለቱንም ግዴታ አይጥልብዎትም፤ በክፍት ቦታም ይረዳል፣ ፋይሉንም ይፈጥራል። ከሊኑክስ ውጭ ወዳለ ዩኒክስ የሚሻገሩ ከሆነ ግን በታብ መጻፍን ልማድ ያድርጉት፤ የትም ቢሄዱ አይጎዳዎትም።

ይፈጥራል ስል ግን ፈቃድ ካለው ነው፤ ይህም ሁለተኛው እንቅፋትዎ ነው። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ እንደ ሩት ተነሥቶ ወዲያው ራሱን ሲስሎግ ወደሚባል ተራ ተጠቃሚ ያወርዳል። ለደኅንነት ሲባል የተደረገ በጎ ነገር ነው። /ቫር/ሎግ ራሱ ለዚህ ተጠቃሚ ቡድን መጻፍ ተፈቅዶለታል፤ እርስዎ በሱዶ (በሩት ሥልጣን ማዘዣው) የከፈቱት ክፍያ የተባለው ፎልደር ግን ባለቤቱ ሩት ነው፣ ለሌላው ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተፈቀደም። መስመሩ ቢነበብ ኖሮም ፋይሉ አይፈጠርም ነበር። ማስተካከያው፦

ቻውን ሲስሎግ:ኤዲኤም /ቫር/ሎግ/ክፍያ
ቸሞድ 750 /ቫር/ሎግ/ክፍያ

750 ያልኩት አስቤበት ነው። ለቡድኑም መጻፍ ከፈቀዱ ሎግሮቴት (የሎግ ፋይሎችን በየጊዜው ስማቸውን እየለወጠ የሚያዞረው ፕሮግራም) ፎልደሩ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ፋይሎቹን አላዞርም ሊል ይችላል። ይህ ችግር የሚታየው ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ዲስኩ መሙላት ሲጀምር ነው። ኤዲኤም የተባለውን ቡድን የመረጥኩት ኡቡንቱ ላይ ሎግ የማንበብ መብት በልማድ ለዚህ ቡድን ስለሚሰጥ ነው፤ ሎጉን ማየት ያለበትን ሰው ሱዶ ሳይሰጡ እዚህ ቡድን ውስጥ ማስገባት ይችላሉ።

የፈቃድ ጉዳይ መሆኑን ለማረጋገጥ ጆርናልሲቲኤል -ዩ አርሲስሎግ ብለው ይመልከቱ። አርሲስሎግ ፋይል መክፈት ሲያቅተው «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ቅሬታውን እዚያ ይጽፋል። እንደ ሬድ ሃት ባሉት ላይ አርሲስሎግ በሩት ስለሚሠራ ይህ ዓይነቱ እንቅፋት አይገጥምም፤ በምትኩ ኤስኢሊኑክስ የሚባል ተጨማሪ የፈቃድ ተቆጣጣሪ አለ። ፋይሉን ከ/ቫር/ሎግ ውጭ፣ ለምሳሌ ለብቻው በተከፈለ ዲስክ ላይ ሲያደርጉት መለያው ስለማይስማማ ይከለክላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ኤስኢሊኑክስን በሙሉ ያጠፋዋል። እባክዎ አያድርጉት፤ ለዚያ ፎልደር ትክክለኛውን መለያ መስጠት የሁለት ትእዛዝ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የደንቦቹ አነባበብ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በፋየርዎል የለመደ ሰው ደንቦች ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፣ የመጀመሪያው ሲስማማ ሥራው ያበቃል ብሎ ያስባል። ሲስሎግ እንዲያ አይደለም። መልእክቱ በእያንዳንዱ ደንብ ፊት ያልፋል፤ አምስት ደንብ ቢስማማው አምስት ቦታ ይጻፋል። በኡቡንቱ 50-ዲፎልት.ኮንፍ ውስጥ ይህ መስመር አለ፦

*.*;ኦውዝ,ኦውዝፕሪቭ.ነን    -/ቫር/ሎግ/ሲስሎግ

ሲነበብ፦ የሁሉም ምድብ ሁሉም ክብደት፣ ከኦውዝና ከኦውዝፕሪቭ (ከመግቢያና ከፈቃድ መልእክቶች) በቀር፣ ሲስሎግ ወደሚባለው ፋይል ይግባ። ሎካል3 ከሁሉም ውስጥ አንዱ ነው። የእርስዎ ደንብ ቢሠራም መልእክቱ ሁለት ቦታ ይጻፍ ነበር እንጂ ከዋናው ሎግ አይወጣም። ከፋይሉ ስም ፊት ያለችው ሰረዝ በድሮው ሲስክሎግዲ «እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ወደ ዲስክ አታስገድድ» የሚል ትእዛዝ ነበረች። አርሲስሎግ ያለ እሷም አያስገድድም፤ ስለዚህ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው የአነባበብ ነገር ነጥቡ ነው። ሎካል3.ኢንፎ ሲሉ ኢንፎን ብቻ የመረጡ ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ኢንፎና ከእሱ የከበደው ሁሉ» ነው፤ ዲበግ ብቻ ይቀራል። ኢንፎን ብቻ ከፈለጉ ሎካል3.=ኢንፎ ይባላል። ሁሉንም ከፈለጉ ኮከቡን ይጠቀሙ። የእኔ ምክር በደንቡ ላይ ኮከብ መጻፍና የዲበጉን ጉዳይ በፕሮግራሙ በኩል መቆጣጠር ነው። ዲበግ በሲስሎግ ደንብ ሲታገድ ፕሮግራሙ መልእክቱን እያዘጋጀ፣ እየላከ፣ ጆርናሉም እየመዘገበ ይቀጥላል፤ የዳነው የመጨረሻው ፋይል ብቻ ነው።

እንግዲህ መስመርዎን ከዋናው ማዋቀሪያ ያውጡትና /ኢቲሲ/አርሲስሎግ.ዲ ውስጥ 30-ክፍያ.ኮንፍ በሚባል አዲስ ፋይል ውስጥ እንዲህ ብለው ይጻፉት፦

ሎካል3.*    /ቫር/ሎግ/ክፍያ/ክፍያ.ሎግ
& ስቶፕ

& ማለት «ከላይ ለተመረጠው ለዚያው መልእክት» ማለት ነው፤ ስቶፕ ደግሞ ከዚህ በኋላ ወዳሉት ደንቦች እንዳይሄድ ያቆመዋል። በቆዩ ጽሑፎች በስቶፕ ቦታ የ~ ምልክት ያገኛሉ፤ ያለፈበት አጻጻፍ ነው። በዚያ ፎልደር ያሉ ፋይሎች በስማቸው ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ 30 ከ50 ይቀድማል፤ ስቶፑ የሚሠራውም ስለሚቀድም ነው። ፋይሉን 60 ብለውት ቢሆን ኖሮ መልእክቱ በ50 አልፎ ዋናው ሎግ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር የሚቆመው።

ስቶፕን ስጽፍ ሁልጊዜ እጄን ቆም አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ጥያቄዎን በቀጥታ ይነካል። ሁሉንም ወደ ሌላ ማሽን የሚልከውን ደንብ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከታች፣ በመጨረሻው ፋይል ላይ ቢያስቀምጡት የክፍያ መልእክቶች 30 ላይ ስለቆሙ ወደ ማዕከሉ አይደርሱም። ሌላው ሁሉ እየደረሰ እነሱ ብቻ ይጎድላሉ፤ ይህም እነሱን ከሁሉ በላይ የሚፈልጉበት ቀን እስኪመጣ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መላኪያው 10-ማስተላለፊያ.ኮንፍ ይባል፣ ከሁሉም ይቅደም።

አላላኩ ራሱ ቀላል ይመስላል። *.* ከጻፉ በኋላ አንድ @ እና የማሽኑን አድራሻ ካስቀመጡ በዩዲፒ፣ ሁለት @@ ካስቀመጡ በቲሲፒ ይላካል። የዩዲፒው መደበኛ ፖርት 514 ነው። ዩዲፒ የላከው ይድረስ አይድረስ አያውቅም፤ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ መልእክት ይወድቃል፣ ላኪውም ተቀባዩም አይሰሙም። ኔትወርክ የሚጨናነቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግር በተፈጠረበት ሰዓት ስለሆነ ሎጉ የሚጎድለው እጅግ በሚያስፈልግበት ደቂቃ ነው። ለክፍያ ሥራ ዩዲፒን አልመክርም።

ቲሲፒም ያለ ወረፋ አይበቃም። ማዕከሉ ሲወድቅ ያልተላኩት መልእክቶች አርሲስሎግ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ዋናው ወረፋ ሲሞላ አርሲስሎግ መቀበል ይዘገያል፣ አንዳንዴም መዘግየቱ ወደ ሶኬቱ ይመለስና ሎግ የሚጽፉት ፕሮግራሞች ራሳቸው ይጠብቃሉ። የሎግ ማዕከል ቆሞ በኤስኤስኤች መግባት ያቃተበት ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መግቢያው ፕሮግራም «እከሌ ገባ» ብሎ መመዝገብ አቅቶት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ለመላኪያው የራሱ ወረፋ ይስጡት፦

*.* አክሽን(ታይፕ="ኦኤምኤፍደብሊውዲ" ታርጌት="10.0.0.5" ፖርት="514" ፕሮቶኮል="ቲሲፒ" ኪው.ታይፕ="ሊንክድሊስት" ኪው.ፋይልኔም="ማዕከል" ኪው.ማክስዲስክስፔስ="1ጂ" ኪው.ሴቭኦንሻትዳውን="ኦን" አክሽን.ሪዚዩምሪትራይካውንት="-1")

ሊንክድሊስት ወረፋውን ከዋናው ለይቶ በማህደረ ትውስታ ይይዘዋል። ፋይልኔም ስለተሰጠው ሲበዛ ወደ ዲስክ ይሻገራል። ማክስዲስክስፔስ ዲስኩን እንዳይጨርስ ይገድበዋል። ሴቭኦንሻትዳውን አገልግሎቱ ሲቆም በወረፋ ያለውን ያስቀምጣል። -1 ደግሞ ሳይታክቱ መሞከር ነው፤ ካልተሰጠ አርሲስሎግ መልእክቱን ሊጥለው ይችላል። 1ጂውን እንደ ዲስክዎ ይለውጡት፤ ገደብ ሳይሰጡ ግን አይተዉት።

በተቀባዩ ማሽን ላይ አይኤምቲሲፒ የሚባለውን ሞጁል ጭነው ፖርቱን ይክፈቱ፤ በፋየርዎሉም ለሚያውቋቸው አድራሻዎች ብቻ ይፍቀዱ። የድሮው ሲስሎግ ላኪውን ማንነቱን አይጠይቅም፤ ማንም በማንም ስም መጻፍ ይችላል። እያንዳንዱን ማሽን በየራሱ ፎልደር ሲያስቀምጡ መልእክቱ ውስጥ በተጻፈው የማሽን ስም ሳይሆን ግንኙነቱ በመጣበት አድራሻ ቢለዩት የተሻለ ነው፤ አርሲስሎግ ላይ ይህ ፍሮምሆስት-አይፒ ይባላል። መንገዱ ከእርስዎ ኔትወርክ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ይላኩት፤ ፖርቱ 6514 ነው። ሎግ ውስጥ ምን እንደሚገባ ሰው አይገምትም። መግቢያ ላይ የቸኮለ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን በስም ቦታ ሲጽፈው «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» ተብሎ የይለፍ ቃሉ እንዳለ ሎጉ ላይ ይቀመጣል። ኦውዝፕሪቭ ከዋናው ሎግ ተለይቶ ጥቂት ሰው ብቻ በሚያነበው ፋይል የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ስለ ሰዓት አጭር ነገር። እ.ኤ.አ. በ2001 አርኤፍሲ 3164 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ የተመዘገበው የድሮው አጻጻፍ ወርን፣ ቀንንና ሰዓትን ይይዛል፤ ዓመትና የሰዓት ክልል የለውም። በ2009 የወጣው አርኤፍሲ 5424 ሁለቱንም አስገብቷል። ከብዙ ማሽን ሎግ ሲሰበስቡ ያለ ዓመትና ያለ ክልል የተጻፈ ሰዓት ማስተያየት ስለማይቻል፣ የአርሲስሎግን ሙሉ የቀን አጻጻፍ ይምረጡ፤ የማሽኖቹንም ሁሉ ሰዓት በኤንቲፒ (በኔትወርክ የሰዓት ማመሳሰያ) ያስተካክሉ።

አዲስ ፋይል ከፈቱ ማለት የሚዞርበትንም ማዘጋጀት አለብዎት ማለት ነው። ኡቡንቱ ለራሱ ሎጎች የሎግሮቴት መመሪያ አለው፤ ለክፍያ.ሎግ ግን ማንም አላዘጋጀም። ለአርሲስሎግ ያለውን መመሪያ ገልብጠው የፋይሉን ስም ይለውጡ፤ በመጨረሻው ላይ ለአርሲስሎግ ሲግናል የምትልከውን መስመር ግን እንዳይሰርዙ። ያች መስመር የምትልከው ያንኑ ሃፕን ነው፤ ሃፕ በትክክለኛ ቦታው የሚያገለግለው እዚህ ነው። አንድ ፕሮግራም የከፈተው ፋይል ስሙ ቢለወጥም ቢሰረዝም ፕሮግራሙ የያዘው ያንኑ ፋይል ነው። ሎግሮቴት ስሙን ክፍያ.ሎግ.1 ብሎ ሲለውጥ፣ ሃፕ እስኪደርሰው አርሲስሎግ በ.1 ላይ መጻፉን ይቀጥላል።

ይህን ያልተረዳ ሰው የሚገባበትን ጣጣ ልንገርዎ። አንድ ጊዜ ዲስኩ 100 በመቶ ሞላ ተብዬ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ ትልቁን ሎግ በአርኤም ሰርዞት ነበር፤ የዲስኩን ሙላት የሚያሳየው ዲኤፍ ግን አሁንም 100 ይላል፣ የፋይሎቹን መጠን የሚደምረው ዱ ደግሞ ፎልደሩ ባዶ ነው ይላል። ተሰርዘው ሳሉ ያልተዘጉ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልሶፍ +ኤል1 ስለው የተሰረዘው ፋይል ከነሙሉ መጠኑ በሲስሎግ ፕሮግራሙ እጅ ተይዞ ተገኘ። ሃፕ ስልክለት ቦታው ወዲያው ተለቀቀ። ዲስክ ሞልቶ የሚቸኩሉ ከሆነ ፋይሉን ከመሰረዝ ይልቅ በትረንኬት -ኤስ 0 ባዶ ያድርጉት።

አንድ የመጨረሻ ጉድለት አለ፤ ሁሉም ሠርቶ ሳለ በጥድፊያ ሰዓት አንዳንድ መልእክት ብቻ የሚጠፋበት። ጆርናልዲ ሳይነካ ከተተወ አንድ አገልግሎት በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ10000 በላይ መልእክት ሲልክ ትርፉን ይጥላል፤ «ሰፕረስድ» ብሎም የጣለውን ብዛት ይመዘግባል። በዲስኩ ላይ እንዳለው ክፍት ቦታ ገደቡ ከፍ ዝቅ ይላል። የክፍያ ፕሮግራምዎ ያን ያህል የሚጽፍ ከሆነ በጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ ሬትሊሚትበርስት የሚለውን ከፍ ያድርጉ፤ በቅድሚያ ግን ለምን ያን ያህል እንደሚጽፍ ፕሮግራመሩን ይጠይቁ።

የሥራ ቅደም ተከተልዎ እንዲህ ይሁን፦ ፎልደሩን ለሲስሎግ ይስጡ፣ 30-ክፍያን ይጻፉ፣ በኤን1 ያስፈትሹ፣ ሪስታርት ያድርጉ፣ በሎገር ይሞክሩ። እሱ ሲሠራ 10-ማስተላለፊያን ይጨምሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ማዕከሉ ላይ መልእክቱ መድረሱን ካዩ በኋላ የማዕከሉን አገልግሎት ለአምስት ደቂቃ ያቁሙት፤ በዚያ መሐል ጥቂት የሎገር መልእክቶችን ይላኩ፣ ከዚያ መልሰው ያስነሡት። በመሐል የተላኩት በሙሉ ቁጥራቸውን ጠብቀው ከደረሱ ወረፋው በትክክል ተዋቅሯል። አንድ ብቻ ከጎደለ፣ መላኪያው የግንኙነቱን መዘጋት ሳያውቅ ልኮት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ቲሲፒ ብቻውን ለዚህች መስኮት ዋስትና አይሰጥም። ብዙ ከጎደሉ ግን የወረፋው መስመር አልተነበበም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ፋይሉ አሁንም ካልተፈጠረ የሦስት ትእዛዞችን ውጤት ይላኩልኝ፦ አርሲስሎግዲ -ኤን1፣ ኤልኤስ -ኤልዲ /ቫር/ሎግ/ክፍያ፣ እና ጆርናልሲቲኤል -ዩ አርሲስሎግ። ከመላክዎ በፊት የተጠቃሚ ስሞችንና አድራሻዎችን ከውስጡ ያጥፉ።